ፊውዙ የሚገባበት ኪስ

የኮሌጅ ጓደኛዬ ለቅሶ የሄድኩት ለማልቀስ ብቻ አልነበረም፤ ማስረጃም ፍለጋ ነው። ልጄ እኛ በጀመርንበት የቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ ልማር ብላ፣ የሥራ ቱታውን ሳይቀር ገዝታ ይዛኛለች። ጓደኛዬን የገደላት ኤሌክትሪክ ከሆነ ሌላ ክርክር አያስፈልገኝም።

እኔ ኮሌጅ የቆየሁት ጥቂት ወራት ነው። አንድ ቀን ከሶኬት እሳት ብልጭ ሲል አየሁና ደብተሬን ይዤ ወጣሁ፤ በዚያው ቀረሁ። እሷ ከኋላዬ «አቦ ነይ እንጂ፣ መብራት አይናከስም!» ብላ ክፍሉን ሳቅ በሳቅ አደረገችው። ተመርቃ ፋብሪካ ገባች፤ ኋላም የጥገና ክፍል ኃላፊ ሆነች። ቀፊራ ገበያ ስንገናኝ ቲማቲም እያገላበጥኩ ስመርጥ ካየችኝ «አንቺ፣ ቲማቲሙም ይነዝራል?» ትለኛለች። ደፋር እሷ፣ ጠንቃቃ እኔ ነበርን።

ቀብሩ ላይ በተነበበው የሕይወት ታሪኳ ዝምተኛ ነበረች ተባለ። ዝም ስትል ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። በምን እንደሞተች ግን አልተነገረም።

ድንኳን ውስጥ አብሯት ይሠራ ከነበረ ሰው አጠገብ ተቀመጥኩ። «ኤሌክትሪክ ይዟት ነው አይደል?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ኤሌክትሪክ? ወላሂ፣ እንደሷ ኤሌክትሪክ የሚፈራ ሰው አላየሁም! ማሽን ስትጠግን ማንም መብራት እንዳይለቅባት ፊውዙን ነቅላ ጡት መያዣዋ ውስጥ ነው የምትከተው። ማን እጁን ሰዶ ያወጣል? አለቆች ሥራ ቆመ ብለው ይጮኻሉ፤ እሷ ሳትጨርስ ወይ ፍንክች!»

የገደላት ወባ መሆኑን የነገረኝም እሱ ነው። በሙቀቱ አልጋዋን ግቢ አውጥታ ትተኛለች፤ አጎበር ያፍነኛል እያለች። እኔ ቤት ደግሞ አጎበር የሌለው አልጋ የለም።

ልጄ በር ላይ ጠበቀችኝ። «እማዬ፣ በምን ሞተች?»

ኤሌክትሪክ ነው ብላት ማን ያጣራል? አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«በወባ» አልኳት።

«ታዲያ ልማር?»

«መጀመሪያ ቱታውን አምጪ።»

ከውስጥ በኩል፣ ደረቱ ላይ፣ ቁልፍ ያለው ኪስ ሰፋሁለት።

«የምን ኪስ ነው?»

«የፊውዝ። ሥራሽን ሳትጨርሺ ማንም ቢጮህ እንዳታወጪው።»

ቱታውን ለብሳ እየሳቀች ወጣች። እኔ አጎበሯን አውርጄ ቀዳዳ እንዳለው ማየት ጀመርኩ።