ብርድ ልብስ የለበሰው ኪቦርድ

ባለፈው ሳምንት ዳላስ አጠገብ ሪቻርድሰን ከተማ ውስጥ፣ ልጄ ፀሐይ ላይ ፓርክ ያደረገችውን መኪና በር ስከፍት የጋለ ፕላስቲክ ሽታ ፊቴን መታኝ። «አባዬ፣ ቆይ ኤሲውን ኦን ላድርገውና ትገባለህ» አለችኝ። እኔ ግን በሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ያ ሽታ እስከ ዛሬ አንድ ቀን ያስታውሰኛል።

ምን መሰለህ፣ ያኔ ወጣት ነበርኩ። ከሱዳን በስደተኝነት ዳላስ ከገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። እዚያው አጠገብ ፋርመርስ ብራንች ውስጥ በቫን ዕቃ የሚያመላልሱ የአገራችን ሰው ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። እሳቸው ለሚሠሩበት የሙዚቃ አዳራሽ «ይሄ ልጅ ጨዋ ነው፣ ዋሱ እኔ ነኝ» ብለው በሹፌርነት አስገቡኝ። የቫኑን ቁልፍ ሲሰጡኝ «ስማ፣ አንድ ነገር ቢበላሽ ካንተ በፊት የምባረረው እኔ ነኝ» አሉኝ። ያቺን ቃል እንደ ድንጋይ ተሸክሜያት ዞርኩ።

አንድ ቀን ከኤርፖርት ሦስት ጃፓናውያን ሙዚቀኞች አነሳሁ፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት። ጊታር የላቸው፣ ከበሮ የላቸው፤ የሚጫወቱት በኤሌክትሪክ ማሽን ብቻ ነው። ትልቁን ኪቦርድ ለሦስት ነው ያነሳነው። አለቃቸው ደረቱን ይዞ «ቀስ! ቀስ!» ይለናል፣ ሕፃን የተሸከምን ይመስል።

እነሱ ሆቴል ገብተው ምሳ ሲበሉ እኔ ቫኑ ውስጥ ከዕቃው ጋር ቀረሁ። የኤሲው ንፋስ ቀጥ ብሎ ኪቦርዱ ላይ ይነፍሳል። እኔ ባደግኩበት አገር አውቶቡስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው «ዝጋው እንጂ! በንፋስ ልታስመታን ነው?» ይባላል። ታዲያ ይሄን የመሰለ ውድ ነገር ንፋስ ሲመታው ዝም ብዬ ልይ? ኤሲውን አጠፋሁ፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ የዕቃ መጠቅለያውን ብርድ ልብስ ደራርቤ አለበስኩት። የቴክሳስ ነሐሴ ደግሞ እሳት ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ዛፍ ጥላ ሥር ላቤን እየጠረግኩ ጠበቅኩት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ።

ዕቃውን ይዤ ቀድሜያቸው አዳራሹ ደርሼ ብርድ ልብሱን ስገልጠው ብረቱ እጄን ፈጀኝ። ማንም ሳያይ ላዩ እስኪበርድ በካርቶን አራገብኩት።

የዚያን ዘመን ኪቦርድ ሳይቃኙት አይጫወቱትም፤ የምትቃኘው ሴትየዋ ነበረች። ዓይኗን ጨፍና፣ ትንሿን ቁልፍ ፀጉር በምታህል እያዞረች፣ ክራር እንደሚቃኝ ሰው አዳመጠች። ስትነሳ ፈገግ አለችልኝ።

ሲጫወቱ መጀመሪያ ደህና ነበር። ቆይቶ ትልቁ ኪቦርድ ከሌሎቹ ጋር ተጣላ። እኔ ሙዚቃ አልተማርኩም፤ ግን እንደታመመ ሰው ሲያቃስት ይሰማኛል። ሲጨርሱ አለቃው ከመጋረጃው ኋላ ጮኸባት። ቋንቋውን አላውቅም፤ ጆሮውን በጣቱ እየመታ መጮኹን ግን አየሁ። አንገቷን ደፋች።

የአዳራሹ የድምፅ ሠራተኛ ወደ እኔ መጣ። «ይሄ ማሽን ሙቀት አይወድም። ግሎ እያለ ተቃኝቶ ኋላ ከበረደ ድምፁ ይለወጣል። ቫኑ ሞቆ ነበር እንዴ?»

«ኖ! ኖ! ኤሲ ነበር» አልኩ። ጋሼን ነው ያሰብኩት።

ያን ሰሞን ስልክ በጮኸ ቁጥር የተደረሰብኝ ይመስለኛል። ጋሼ ጭራሽ «ምነው ከሳህ? ፈረንጅ ወደድክ እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

ከዓመታት በኋላ እነዚያው ሰዎች ተመልሰው መጡ፤ አሁንም ሹፌራቸው እኔ ነኝ። ትልቁ ኪቦርድ የለም። አዲሶቹ ማሽኖች ሙቀትም ብርድም የማይበግራቸው ናቸው። ዘፈናቸውም ተለውጦ ደረት የሚደልቅ፣ ሰው የሚያስጨፍር ሆኗል። ሴትየዋ ከኋላ ቆማ አንዳንዴ አንድ ነገር ትነካለች እንጂ አትቃኝም፤ የሚቃኝ የለማ። መኪና ውስጥ በመስታወቱ ሦስቴ አየኋት። ብርድ ልብሱን ልንገራት እያልኩ የማወራው ስለ መንገዱ ሆነ።

ሥራ ላቆም በተቃረብኩበት ሰሞን ለሦስተኛ ጊዜ መጡ፤ ሁለቱ ወንዶች ብቻ። ሽበታም ሆነዋል፤ ዕቃቸው ሁሉ በጀርባ የሚታዘል ላፕቶፕ ነው። የሚጫወቱትም ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲንጠባጠብ የመሰለ ዝግ ያለ ነገር ሆኗል። ማኪኒ ወደሚባለው ከተማ ስንሄድ አለቃውን «እሷስ?» አልኩት።

«ተወችው» አለኝ። «እዚህ ከተበላሸብን ቀን ወዲህ ጆሮዋን ማመን አቃታት።»

ዳር ይዤ አቆምኩ። ሞተሩን አጥፍቼ ብርድ ልብሱንም፣ ውሸቴንም ነገርኩት። አልጮኸም። ሰዓቱን አየና «ጃፓን አሁን ጠዋት ነው» ብሎ ደወለላት። በቋንቋቸው ትንሽ አወራና ስልኩን ሰጠኝ።

«የዳላሱ ሹፌር ነኝ» አልኳት በዚያች በማትሞላ እንግሊዝኛዬ። «ማሽኑን ያጋልኩት እኔ ነኝ። ያንቺ ጆሮ ልክ ነበር።»

ዘጋችው ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ሳነሳ፣ ከሩቅ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እባክህ፣ እንደገና በለው።»

እንደገና አልኩት።

«አንድ ጊዜ ደግሞ» አለች።

ቀስ ብዬ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየሁ ነገርኳት።