ለእኔ የሚሆን መቀመጫ

ልደታ ኮንዶሚኒየም በገባን በሁለተኛው ዓመት አሮጌ ሳይክል ገዛሁ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ሩቅ አልነበረም፤ ግን የጠዋቱ የታክሲ ግፊያ አንገፍግፎኝ ነበር። ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ሳይክሏን በረንዳዬ ላይ አይቶ የልጆቼ መስላው ነበር። የእኔ መሆኗን ስነግረው ሳቀ። የምሬን እንደሆነ ሲገባው ደግሞ በሰፈር ሰው ፊት እንዳላዋርደው ለመነኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሊያሸንፈኝ የነበረው ግን ወንድሜ ሳይሆን መቀመጫዋ ነው። ቀጭን፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ ነበር። ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶኝ የተማሪዎቼን ደብተር ቆሜ አረምኩ። ወንድሜ ይህን ከልጆቼ ሰማ።

"አየሽ፣ ገላሽ ራሱ እምቢ አለ" አለኝ።

እምቢ ያለው መቀመጫው ነው፤ እሱን ደግሞ እቀይረዋለሁ አልኩት።

ጌጃ ሰፈር ሳይክል የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የሚያመኝን እያፈርኩ ነገርኳቸው። እሳቸው ሳያፍሩ ሰሙኝና ሰፊ፣ ስፖንጅ የሞላው፣ ከሥሩ የሽቦ ሞላ ያለው መቀመጫ ገጠሙልኝ። ለሴት የሚሆነው ይሄ ነው፣ ሶፋ በይው አሉ። በራቸው ላይ ስሞክረው እውነትም ሶፋ ነበር። ሜክሲኮ ደርሼ ስመለስ ግን ስፖንጁ ሰጥሞ፣ ጠርዙ ጭኖቼን ልጦኝ ነበር። ሁለት ቀን ቫዝሊን ተቀባሁ።

በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ሄድኩ። ሽማግሌው ቅር አላቸው። ለስላሳ ያልተመቸው ሰው ምን ሊመቸው ነው፣ ይልቅ ብትሸጫት ይሻልሻል አሉኝ። ከወንድሜ ጋር የተማከሩ መሰለኝ፤ ደሜ ፈላ።

"አባባ፣ ልሸጣት አልመጣሁም። የሚቀመጠው የእኔ ገላ ነው። ያለዎትን ሁሉ ያውጡልኝና እኔው ተቀምጬበት ልምረጥ።"

ከጥግ አንድ ጆንያ ጎትተው አወጡ፤ አሮጌ መቀመጫዎች ነበሩበት። እሳቸው እየገጠሙ፣ እኔ በረጅም ቀሚሴ ሰፈሩን እየዞርኩ ሞከርን። መንገድ ዳር የቆሙ ጎረምሶች መጀመሪያ ያፏጩብኝ ነበር፤ አራተኛው ላይ ሰለቻቸው። አምስተኛው ከኋላው ሰፋ፣ ከፊቱ ጠበብ ያለ፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ ነው። ጠንከር ይላል፤ ግን የመቀመጫዬ አጥንቶች ሁለቱም ቦታቸውን አገኙ። ጫፉ ወደ ላይ ቀና ስላለ ዝቅ እንዲያደርጉልኝ ጠየቅኳቸው። ልኩ ይኸው ነው አሉ። የብሎን መፍቻ ቁልፉን ከእጃቸው ተቀብዬ ራሴ ፈታሁትና ደልደል እስኪል ዝቅ አድርጌ አጠበቅኩት። አልከለከሉኝም።

እሁድ ከሰዓት ሆን ብዬ በወንድሜ ደጅ በኩል ነዳሁ። ሱቅ በር ላይ ከጓደኞቹ ጋር ዳማ ይጫወታል። አየኝና አቀረቀረ። ፍሬን ይዤ ፊቱ ቆምኩና ሁሉንም ሰላም አልኳቸው። ከጓደኞቹ አንዱ ማን እንደሆንኩ ጠየቀው። ወንድሜ የያዘውን ጠጠር ሰሌዳው ላይ አስቀመጠ።

"እህቴ ናት" አለ።

ከዚያ በላይ አልጠበቅኩም። ደህና ዋሉ ብያቸው ዳገቱን ከሳይክሏ ሳልወርድ፣ ከመቀመጫዬም ሳልነሳ ወጥቼ ጨረስኩት።