ባሎችን ከቤት ያወጣ ኮፈን

ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም «ካምቢዮ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ሹፌር ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ወሬውን ፍሪሲዮን ሳይረግጥ ከአንደኛ ወደ አራተኛ ስለሚያስገባው ነው። ስለ ጎማ ጀምሮ ስለ አማቱ ጉልበት ይጨርሳል፤ መሐል ላይ በየት በኩል እንደታጠፈ የሚያውቅ የለም። ሃምሳን ተሻግሯል፣ ሆዱ ከመሪው ጋር ከተዋወቀ ሰንብቷል፣ ሲስቅ ደግሞ የመኪናው መስታወት አብሮት ይንቀጠቀጣል።

የጤና ቢሮው ሹፌር ነበር። ክትባት ያደርሳል፣ አለቃ ያመላልሳል፣ ሥራ ሲጠፋ ጥላ ፈልጎ ያንቀላፋል። ታዲያ አንድ ቀን አለቃው አስጠራውና፣

«ከነገ ጀምሮ ከጥናት ቡድኑ ጋር ትወጣለህ» አለው።

«የምን ጥናት?»

«የሴቶች ጤና።»

«እኔ ስለ ሴቶች ጤና ምን አውቃለሁ?»

«ምንም። ጥናት ያስፈለገውም ለዚሁ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት የጤና ቢሮው ለብቻው፣ የሴቶች ጉዳይ ቢሮው ለብቻው፣ ዩኒቨርሲቲውም ለብቻው ሰው እየላከ አንዱን ቤት ሦስቴ ያንኳኳ ነበር። አንዲት ሴት ሦስተኞቹ ሲመጡባት በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ባለፈው ሳምንት ለመጡት ልጆቼ አራት ናቸው ብያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልወለድኩም!» ብላ ዘጋችባቸው። ይህም ሁሉ ተለፍቶ ሦስቱ ቁጥር አይገጥምም። በአንዱ ቆጠራ የከተማዋን ሴቶች አንዳቸውንም አያስነጥሳቸውም፤ በሌላው ግማሾቹ አልጋ ላይ ናቸው፤ በሦስተኛው ደግሞ ሴት የሚባል ፍጥረት ከተማው ውስጥ ያለ አይመስልም፤ በየቤቱ የተጠየቀው አባወራው ነበርና።

በመጨረሻ ሦስቱ ቢሮዎች ተፋፍረው ተቀመጡ፤ አንድ ቡድን፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ ሁሉም የሚጋራው አንድ መረጃ እንዲኖር ተስማሙ። መኪናዋ የዩኒቨርሲቲው፣ ነዳጁ የሴቶች ጉዳይ ቢሮው፣ ሹፌሩ የጤና ቢሮው ሆነ።

«ሦስት አማት አገባሁ በሉኛ!» አለ ካምቢዮ።

ቡድኑ ትንሽ ነበር። አስተባባሪዋ ከዩኒቨርሲቲው የመጣች፣ መነጽሯን በጣቷ ከፍ ሳታደርግ አረፍተ ነገር የማትጀምር ሴት ናት። ጠያቂዋ ደግሞ ገና የተመረቀች ነርስ፤ ድምጿ ሕፃን የሚያስተኛ፣ እግሯ ግን የማይደክም። ሕጋቸው አንድ ነው፦ ሴቲቱ ብቻዋን ሆና ካልተጠየቀች መልሷ አይቆጠርም።

ሕጉን ያወጣው ሰው ግን ባል አይቶ አያውቅም መሰል። ጠያቂዋ ገብታ ስትቀመጥ ባልየውም ጎን ለጎን ይቀመጣል።

«ባለፉት ወራት አሞሽ ያውቃል?»

«እሷ? አትታመምም፤ ጠንካራ ናት» ይላል ባል።

«ጤና ጣቢያ ለመሄድ የሚወስነው ማን ነው?»

«እኛ ቤት ሁሉንም ነገር ተመካክረን በጋራ ነው የምንወስነው» ይላል አሁንም ባል። ሚስት አፏን አልከፈተችም።

እባክዎ ትንሽ ወጣ ይበሉልን ሲባል ደግሞ በበሩ ይወጣና በጆሮው በመስኮት ይገባል። አንዱ መስኮቱ ሥር ቆሞ አበባ አጠጣለሁ ሲል ተገኘ፤ አበባው የፕላስቲክ ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት እንዲሁ በከንቱ አለቀ። አስተባባሪዋ ከኋላ ወንበር ላይ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን እያሸች፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እኛ ሦስት ቢሮ አብረን አንድ ባል ማሰር አቃተን» አለች። ካምቢዮ ሊስቅ አስቦ ፊቷን በመስታወት ሲያየው ዋጠው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ጋለች። ዳገቱን እንደጨረሱ ራዲያተሩ እንደ ድስት ይንተከተክ ጀመር። ካምቢዮ ሊጠይቁት ያሰቡት ቤት በር ላይ አቆመና ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ጠያቂዋ ወደ ቤቱ ስትገባ እንፋሎቱ ፉ! ብሎ ወጣ።

ባልየው ከውስጥ አየ። ትንሽ ታገሠ፤ ከዚያ አንገቱን አሰገገ፤ ከዚያ ተነሣ። «ቴርሞስታቱ ነው» አለ ገና ደጃፉን ሳይሻገር። ጎረቤቱም ወጣና፣ «የምን ቴርሞስታት! ቀበቶው ላልቶ ነው» አለ። ጡረታ የወጣ መምህር መጣ። ከማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ማበጠሪያውን እንደያዘ መጣ፤ ደንበኛውም ግማሽ ፂሙን ተላጭቶ፣ ግማሹ በአረፋ እንደተሸፈነ ተከተለው። አንድ ሰው እንኳ «ምን ሆነ?» ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም የሆነውን ነገሩት እንጂ።

ሁሉም ኮፈኑ ውስጥ አንገታቸውን ቀብረው ሲከራከሩ ጠያቂዋ ከቤቱ ወጣች። ፊቷ በርቷል።

«ጋሼ!» አለች ክንዱን ይዛ በሹክሹክታ። «አለቀ! ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሷ መለሰችልኝ። ደግሞ ምን አለችኝ መሰለዎት፤ ‹እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ሌላም ጥያቄ ካለሽ ጨምሪ› አለችኝ!»

ካምቢዮ አንዴ እሷን፣ አንዴ የወንዶቹን መቀመጫ ተራ በተራ አየ። መቀመጫዎቹ ከኮፈኑ ሥር እንደ ሸክላ ተደርድረዋል። በራሱ ላይ መብራት የበራ መሰለው።

ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ራዲያተሯ ቢጠገንም ኮፈኗ አልተዘጋም። አንድ ቤት ደጅ ሲደርሱ ጠያቂዋ ትገባለች፤ ካምቢዮ ይወርዳል፤ ኮፈን ይከፍታል፤ ራሱን ያካል። ሌላ ምንም አያደርግም። ባል ይወጣል። ወንድም ይወጣል። የባል ጓደኛ ለጨዋታ የመጣውም ይወጣል።

አስተባባሪዋ ግን ነገሩ ከነከናት። «ጋሼ፣ ይሄ ማታለል አይሆንም? የጥናት ሥነ ምግባር አለ እኮ» አለችው።

«እኔ ተበላሸ ብያለሁ?»

«አላሉም።»

«አግዙኝ ብያለሁ?»

«አላሉም።»

«የምነዳትን መኪና ኮፈን ነው የከፈትኩት። እነሱ ሞተር ያያሉ፣ ሚስቶቻቸው ትንፋሽ ያገኛሉ። ማን ተጎዳ?»

አስተባባሪዋ መነጽሯን ከፍ አደረገችና ሳቀች። ሳቋን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ያን ቀን ነው፤ እንደ ፈረስ ነው የምትስቀው።

የተጎዳችስ መኪናዋ ነበረች። አንድ ሰፈር ውስጥ ካምቢዮ ወሬ ይዞት ዘወር ባለበት፣ ባሎቹ ካንዴላዎቹን ነቃቅለው፣ ጠርገው፣ መልሰው ገጠሙ። ሲጨርሱ አንዲት ብሎን ተርፋለች። «ይቺ መጀመሪያም አታስፈልግም ነበር» አለ አንዱ በሙሉ ልብ። መኪናዋ አልነሣ አለች። ባሎቹ ተሰልፈው ይገፉ ጀመር፤ ቃለ መጠይቃቸውን የጨረሱት ሚስቶች ደጃፍ ደጃፋቸው ላይ ወጥተው እያጨበጨቡ «በርቱ! በርቱ!» ይላሉ። ጠያቂዋ በሳቅ ፍርስ ብላ መንገድ ዳር ተቀመጠች። ካምቢዮም መሪውን ይዞ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ በኋላ ጋራዥ ያለው መካኒክ ሲሰድበውም ሳቁ አልለቀቀውም።

ኮፈን ያልበገረው ሰው አንድ ብቻ ተገኘ፤ እሱም ሰው ሳይሆን አማት ነው። አንዲት እናት ምራታቸው ክፍል በር ላይ ወንበራቸውን አስጠግተው፣ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። ሞተር ምናቸውም አይደለ። ካምቢዮ ገብቶ እጅ ነሣ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ባስቸግርዎ? ጥሩንባው ድምፁ ልክ አልሆን ብሎኛል። እኔ ከውጭ ላዳምጥ፣ እርስዎ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ይንኩልኝ።»

«እኔ?»

«እዚህ ቤት እንደ እርስዎ ጆሮ የሚሰማ የለም ብለውኛል።»

ወጡ። ተቀመጡ። ነኩት። ጥሩንባው ሲጮህ ደነገጡ፤ ሁለተኛ ሲጮህ ፈገግ አሉ፤ ከዚያማ ሰፈሩን አደነቆሩት። ጠያቂዋ ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ ካምቢዮ በሩን ከፍቶ «ይበቃል እማማ፣ ተስተካክሏል» አላቸው።

«አልወርድም» አሉ።

«ምነው?»

«ይቺን ልጅ ሁልጊዜ ትጠይቋታላችሁ። እኔን ማን ጠየቀኝ? ሴት አይደለሁም?» ጷ! አደረጉት።

አስተባባሪዋ ቀረብ ብላ፣ ጥናቱ የሚመለከተው እስከ አርባ ዘጠኝ ዓመት ያሉትን ብቻ መሆኑን በትሕትና አስረዳቻቸው።

«ከአርባ ዘጠኝ በኋላ ምን ሆንኩ? ዶሮ ሆንኩ?» ጷ! «ጉልበቴ አያመኝም?» ጷ! «ዓይኔ አይፈዝም?» ጷ!

አስተባባሪዋ ማስታወሻዋን አውጥታ የሚሉትን ጻፈች። በሚቀጥለው የቢሮዎቹ ስብሰባ ላይ ቃል በቃል አቀረበችው፤ ጥሩንባውንም በአፏ አደረገችው። አንዱ «መጠይቁ አንዴ ጸድቋል» ሲል፣ ሌላው «ጊዜ አይበቃም» ሲል ቆዩ። ኋላ የሴቶች ጉዳይ ቢሮ ኃላፊዋ፣ «እኔ ራሴ አምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ዶሮ ናት?» ስትል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ አሮጊቶቹም ተካተቱ። መጀመሪያ የተጠየቁት እኚያው አማት ናቸው። ምራታቸው ደግሞ በተራዋ በሩ ላይ ቆማ ሰው እንዳይገባ ጠበቀችላቸው።

መረጃው ተሰብስቦ ሲያልቅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስቱ ቢሮዎች አንድ ቁጥር ይዘው አንድ አዳራሽ ገቡ። ካምቢዮ ከኋላ ቆሞ ሰማ። ሴቶቹ ወደ ጤና ጣቢያ የማይመጡት ድፍረት አጥተው ሳይሆን፣ ጣቢያው የሚዘጋው እነሱ ከሥራ በሚወጡበት ሰዓት ስለሆነ ነው ተባለ። ያን የሚያህል ነገር ከዚያ በፊት የታወቀ አልነበረም፤ ባሎቹ አያውቁትማ! ጣቢያው እስከ ማታ እንዲሠራ ተወሰነ። ከዚያ አስተባባሪዋ «የቡድናችንን ልዩ ዘዴ» ስታስረዳ አዳራሹ ተንጫጫ፤ የሦስቱ ቢሮዎች ሹፌሮች ሁሉ ተነሥተው አጨበጨቡለት። ካምቢዮ ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ።

ሁለተኛው ዙር ጥናት በሌላ ቡድን ሲጀመር ዕጣው የራሱን የካምቢዮን ቤት አወጣ። ቅዳሜ ነው፤ በነጠላ ጫማ ተቀምጦ ሬዲዮ ይነካካል። የማያውቃት ጠያቂ መጥታ «ባለቤትዎን ፈልጌ ነበር» አለችው።

«ግቢ፣ ግቢ! ሥራው የኛው ነው» ብሎ አስገባት፤ አስገባትና ከሚስቱ ጎን ተደላድሎ ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ከደጅ የኮፈን ድምፅ ተሰማ። ካምቢዮ ፈገግ አለ። ‹ለኔ? ለኔ ለፈጣሪው?› አለ በልቡ። በመስኮት አየ፤ አንድ ወጣት ሹፌር ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሏል። ካቻቢቴውን በጫፉ ይዞ በእጀታው ብሎን ሊፈታ ይታገላል። ካምቢዮ ጥርሱን ነከሰ። ልጁ አሁንም በእጀታው ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እግሩም ለካ ባዳ ኖሯል፤ ሳያስበው ደጅ ቆሞ፣ «እንዲህ አይያዝም አንተ!» እያለ ሲጮህ ራሱን አገኘው። ሚስቱ ከመስኮቱ ውስጥ እጇን አውለበለበችለት።

ሲመለስ ጠያቂዋ ሄዳለች፤ ሚስቱ እያንጎራጎረች ልብስ ታጥፋለች።

«ምን ጠየቀችሽ?»

«ምስጢር ነው።»

«እኔ እኮ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ነኝ።»

«እንግዲያማ ሕጉን ታውቀዋለህ።»

ያውቀዋል። ቀኑን ሙሉ እንደ ዶሮ ሲያኮበኩብ ዋለ። እሑድ ጠዋት አልቻለም። የተረፈውን ልብስ ስታጥፍ አጠገቧ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ያልለመደውን ነገር አደረገ፤ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ያቺ ልጅ የጠየቀችሽን ሳይሆን፣ እኔ ልጠይቅሽ። ምን ያምሻል?» አላት።

ሚስቱ ልብሱን አስቀመጠች። «የሰው ሚስት ምን እንደሚያማት ለማወቅ ከተማውን ስትዞር ትውላለህ» አለች፤ ቁጣ ግን አልነበረበትም። «ይኸው ደረሰኝ! ጥርሴ ነው። በቀኝ በኩል ካኘክሁ ሁለት ዓመቴ ነው።»

«ሁለት ዓመት? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ወሬህ መሐል መግቢያ አጣሁ።»

በአነጋገሯ ራሷ ሳቀች፤ እሱም ሳይወድ በግዱ ሳቀ።

ሰኞ ፈቃድ ጠይቆ ወደ ጥርስ ሐኪም ወሰዳት። ፊት ወንበር አስቀምጦ፣ ጉድጓድ ባየ ቁጥር እንደ እንቁላል ጫኝ እየቀዘፈ ነዳ። መተላለፊያው አግዳሚ ላይ ቆቡን እያሻሸ ጠበቃት። በሩ ሲከፈት ግማሽ ፊቷ ደንዝዞ፣ አፏ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሎ ወጣች።

«አመመሽ?»

«ፈንፈሬ የፍ ሄፈ?»

«ምን?»

«ፈንፈሬ!» አለች ከንፈሯን በጣቷ እየፈለገች። «የፍ ሄፈ?»

ካምቢዮ ኮስተር ብሎ ሊያጽናናት አፉን ከፈተ። ሳቁ ከሆዱ ተነሣ። እሷም የሱን ፊት ስታይ አልቻለችም፤ በደነዘዘ አፏ «ፍፍፍ» እያለች ትከሻው ላይ ተደፋች። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ጉንጫቸውን ይዘው አብረዋቸው መሳቅ ጀመሩ፤ አንዱ «ኧረ አታስቁኝ፣ ያመኛል!» እያለ ይለምናል። ጩኸቱን ሰምቶ ዘበኛው ሮጦ መጣ፤ አንዱን አየ፣ ሌላዋን አየ፤

«ይቅርታ» አለ ግራ ተጋብቶ፣ «ጥርስ የተነቀለው ማንኛችሁ ነው?»