«ቤቶች» ያላለው ሰውዬ

ጋሽ ፋንታው ፊልም ዝም ብለው አያዩም። ይቆጣሉ፣ ይመክራሉ፣ ሲብስባቸውም ይሳደባሉ። አርባ ዓመት ሙሉ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ከልብስ ስፌት መኪናቸው ጋር ሲነታረኩ ኖረው፣ ዓይናቸው ደክሞ ቤት መዋል ሲጀምሩ ንትርኩን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞሩት። ቴሌቪዥኑን የገዛችላቸው ልጃቸው እመቤት ናት፤ ከዐረብ አገር የተመለሰች ሰሞን። «እንዳይሰለችዎ ብዬ ነው አባባ» አለቻቸው። ኧረ የምን መሰልቸት!

ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ፊልም አዩ። በመጀመሪያው አንድ ጎረምሳ ሃያ ሰው ደብድቦ ከፎቅ ዘለለ። ጋሽ ፋንታው ድብድቡን ከቁም ነገርም አልቆጠሩት፤ ዓይናቸው ሱሪው ላይ ነበር። «እሙዬ፣ ቆይ አቁሚልኝ እስቲ! እንዲህ ተንፈራጦ ዘሎ መቀመጫው ያልተተረተረ ሱሪ የት አገር ነው የተሰፋው? ውሸታሞች!» ሁለተኛው የህንድ ነው። ሃያ ዓመት የተጠፋፉ እናትና ልጅ ባቡር ጣቢያ ሲገናኙ፣ ጋሽ ፋንታው መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውሉ ጀመር። እመቤት «አለቀሱ እንዴ?» ብትላቸው «አቧራ ነው! ቤቱን ጥረጊው» ብለው ተቆጡ። ቤቱ ጠዋት ተጠርጓል።

ጉዱ የመጣው በሦስተኛው ነው። የፈረንጅ ፊልም ነው፤ ወሬ የለው፣ ድብድብ የለው፣ በረዶ ብቻ። ከእህቱ ጋር ተኳርፎ የኖረ አንድ ሽማግሌ በሯ ላይ መጥቶ ቆመ። መብራቱ በርቷል፤ እህቲቱ በመስኮት ትታያለች። ሰውዬው ግን ፍንክች አይልም። ጋሽ ፋንታው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ቤቶች በል እንጂ! ምን ይገትርሃል? ኧረ ቤቶች በል፣ አንተ ሰውዬ!»

ሰውዬው ባርኔጣውን ደፍቶ ተመለሰ። ፊልሙም አለቀ።

«አለቀ? እንዴት ያልቃል? ተመለሰ እኮ!»

«ተመለሰ አባባ» አለች እመቤት። «እርስዎስ አንበሳሜ ከሄዱ ስንት ዓመት ሆነዎ?»

ጋሽ ፋንታው ቴሌቪዥኑን አጠፉት። አንበሳሜ ያለው ታናሽ ወንድማቸው ዳኛቸው ነው። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በእናታቸው ተዝካር ዕለት፣ አውቶቡስ ተበላሽቶባቸው አርፍደው ቢደርሱ፣ ዳኛቸው እሳቸውን ሳይጠብቅ ማዕዱን አስባርኮ ሰዉን ሲያበላ አገኙት። ታላቅ እያለ! በቀሳውስቱ ፊት «ሁለተኛ የዚህን ቤት ደጃፍ ብረግጥ፣ የእናቴን መቃብር እንደረገጥሁ ይቆጠር!» ብለው ማሉ። ንዴቱ ከበረደ ቆይቷል። ናፍቆቱ ነው የጠናባቸው። ግን በእናት መቃብር የተማለ መሐላ እንዴት ይፈርሳል?

ፊልሙን ባዩ በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍረው አንበሳሜ ወረዱ። ከወንድማቸው አጥር ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ደጃፉን አልረገጡም። አንዴ ተነሥተው ሊመለሱም አሰቡ፤ ያ በረዶ ላይ የቆመ ሰውዬ ትዝ አላቸውና ተናደዱበት።

«ቤቶች!» አሉ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ። ፋንታው።»

ውስጥ አንድ ዕቃ ወድቆ ተንኳኳ። ዳኛቸው ወጣ። ጠጉሩ ሁሉ ነጭ ሆኗል። የለበሰው ኮት እሳቸው ራሳቸው የሰፉለት ነው፤ ክርኑ ተበልቷል። «ይግቡ» አላላቸውም፤ መሐላውን ያውቃል። ተመልሶ ገባና ሁለት በርጩማ ይዞ መንገዱን ተሻገረ።

«ጋሼ፣ ድንጋዩ ይበርድዎታል» አለ። ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል አንገቱን አቅፈው ያዙት። ሁለቱም አለቀሱ፤ በአቧራ ያመካኘ አልነበረም።

ትንሽ ቆይቶ ዳኛቸው «ምን እግር ጣለዎ ጋሼ?» ሲል ጠየቀ።

«ፊልም» አሉና ያዩትን ይነግሩት ጀመር፤ በረዶውን፣ ባርኔጣውን፣ መብራት የበራበትን መስኮት። ዳኛቸው አገጩን ይዞ ያዳምጣል።

«እሺ፣ ኋላስ?» አለ። «ሰውዬው ምን አደረገ?»

ጋሽ ፋንታው የተበላውን ክርን ትንሽ አዩት።

«ቤቶች አለ» አሉ።