ምልክቱን አላጠፋም

የራጅ ባለሙያ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው አጥንት ሳነሣ እውልና ከሥራ ስወጣ አውሮፕላን እሠራለሁ፤ የጦር አውሮፕላን ትንሽ አምሳያ። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ የልጅ መጫወቻ መስሏቸው ነበር። ልጅ እንደሌለኝ ትዝ ሲላቸው ደግሞ በሐዘኔታ ያዩኝ ጀመር። ይዩኝ።

ባለፈው ዓመት የሠራሁት በጣሊያን ጊዜ ከአዘዞ እየተነሣ ይበር የነበረውን ባለ ድርብ ክንፍ ተዋጊ ነው። ጎንደር ውስጥ ተገጣጣሚ ሞዴል ገዝቶ መሥራት ስለማይታሰብ ሁሉንም ከባዶ እጀምራለሁ። አካሉ ካርቶንና ቀርከሃ ነው። የአብራሪው መስታወት የተጣለ የራጅ ፊልም ነው፤ በረኪና ውስጥ ስዘፈዝፈው የማላውቀው ሰው ጎድን አጥንት ታጥቦ ይሄድና ፊልሙ ጥርት ይላል።

ድርብ ክንፍ ሲባል ብዙ ሰው በሽቦ የተወጠረ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ወጥሬ ጨርሼ ነበር። ኋላ አንድ የድሮ ፎቶ ስልኬ ላይ አጉልቼ ሳይ ክንፎቹን የያዟቸው ሰያፍ ዘንጎች ናቸው። ሽቦውን ስነቅል ክንፉም አብሮ ተገነጠለ።

ባለቤቴ፣ “አሁን ይህን ማን ያውቅብሻል?” አለኝ።

“እኔ ራሴ አውቃለሁ” አልኩትና እንደገና ጀመርኩ።

በመጨረሻ ምልክቶቹን ቀባሁ። ጭራው ላይ ነጭ መስቀል፣ ክንፎቹ ላይ ደግሞ በክብ ውስጥ የፋሽስቶቹን ምልክት፣ መጥረቢያ የተሰካበትን የእንጨት እስር። እጄ እየቀፈፈው ነው የቀባሁት፤ ግን በሚገባ ቀባሁት።

የአርበኞች ቀን ሲደርስ በከተማው አንድ አዳራሽ ዐውደ ርእይ ተዘጋጀና አውሮፕላኑን ይዤ ሄድኩ። አስተባባሪው ጨዋ ሰው ነው። ዞር ዞር ብሎ አየና አደነቀ። ከዚያ ክንፉን በጣቱ ጠቆመ።

“እህቴ፣ ይህቺን ብቻ በቀለም ሸፍኚልን።”

“ለምን?”

“የጠላት ምልክት ነዋ! ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ይከፋቸዋል።”

“ከሸፈንኩት የማን አውሮፕላን ይሆናል?”

“አውሮፕላን ይሆናል። ሰው መቼ ይህን ያህል ይመረምራል?”

“ቦምብ የጣለብን ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ምልክቱን አላጠፋለትም” አልኩት።

“እንግዲያው አዳራሽ ውስጥ አይገባም” አለ፤ ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም።

ወደ ቤት ልመለስ ነበር፤ በሩ ጋ ስደርስ ግን እግሬ እንቢ አለኝ። ከአጠገቡ ካለ ሻይ ቤት ጠረጴዛ ተውሼ መግቢያው ላይ ዘረጋሁና አውሮፕላኑን አቆምኩት። ወደ አዳራሹ የሚገባ ሁሉ በእኔ በኩል ያልፋል።

ሰው ተሰበሰበ። አንዳንዱ ፎቶ አነሣ፣ አንዱ ደግሞ “ባንዳ!” ብሎኝ አለፈ። ረፋዱ ላይ ከኮሶዬ ገጠር የመጡ በጣም ያረጁ ሰው በሴት ልጃቸው ተደግፈው መጡና ጠረጴዛው ፊት ቆሙ።

“ምነው ልጄ፣ ይህን እዚህ አቆምሽው?”

“እንዲታይ ነው፣ አባቴ።”

ጎንበስ ብለው ከክንፉ ሥር ተመለከቱ። “ቦምቡስ የታለ?”

“ባገኘሁት ፎቶ ላይ አልነበረም።”

“እኛ ዘንድ ሲመጣ ነበረው። ሁለት። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚህ።” በጣታቸው ቦታውን አሳዩኝ። ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበሩ። ያ ቦምብ ሲወድቅ አባታቸው ከነበሬዎቻቸው እርሻ ላይ ቀሩ። የነገሩኝ ይህንኑ ብቻ ነው።

አስተባባሪው ሰዎች ሲሰበሰቡ አይቶ ወጣ። ሽማግሌው በምልክቱ የተከፉ መሰለውና፣ “አባቴ፣ ይህን ሲያዩ አይከፋዎትም?” አላቸው።

“ይከፋኛል እንጂ” አሉ።

ወደ እኔ ዞረ። “ሰማሽ?”

“ሰማሁ። ሊከፋቸው ይገባል፤ እኔም እየከፋኝ ነው የሠራሁት። ሳይከፋን የምናየው ከሆነማ ውሸት ሠርቻለሁ ማለት ነው።”

ወደ አዳራሹ ተመልሶ ገባ። ሽማግሌውም ከእኔ ጋር አልወገኑም። ልጃቸው “አውቶብሱ እንዳያመልጠን” እስክትል ድረስ ግን ከጠረጴዛው አልራቁም።

ቤት ገብቼ ፎቶ ፍለጋዬን ቀጠልኩ። የእኔን ዓይነት አውሮፕላን ከየክንፉ ሥር ቦምብ አንጠልጥሎ የሚያሳይ ፎቶ አገኘሁ፤ ልክ ሽማግሌው ባሳዩኝ ቦታ። ሁለት ቦምብ ከእንጨት ጠርቤ ሰቀልኩ። የአባታቸው ሞት ትዝ እያለኝ ብዙ ቀን ሥራው እጄ ላይ ከበደኝ።

ዘንድሮ አስተባባሪው ደወለ። አውሮፕላኑን ፈልጎታል፤ ምልክቱ ግን አሁንም ይሸፈን ይላል። “አይሸፈንም” አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። አውሮፕላኑ አሁን እዚሁ ጎንደር ፒያሳ፣ የአንዲት ጓደኛዬ ፎቶ ቤት መስኮት ላይ ቆሟል። አንድ ሌሊት ሰው የመስኮቱ መስታወት ላይ ተፋበት፤ ጓደኛዬ ምራቁን ጠረገችና አውሮፕላኑን እዚያው ተወችው። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይሳደባል። ማንን እንደሚሳደብ ግን አይጠፋውም።