ጨረታው መሐል የተቀመጥኩበት ወንበር

ዛሬ ጠዋት አሰላ፣ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ፣ ከሁሉም የሚበልጥ ዋጋ ጠርቼ እጄን ሳወጣ አጎቴ "የሴት ልጅ ጨረታ አንቀበልም" አሉ።

አጎቴ ለጨረታ ያቀረቧቸው የሟች አባቴ ሁለት ወርቅ ቅብ ጥንታዊ ባለመደገፊያ ወንበሮች ናቸው። እኔ የገዛ ልጁ ሊሸጡ መሆኑን የሰማሁት ከጎረቤት ነው።

ከጭላሎ ተራራ የወረደው ጉም ግቢውን ሞልቶት፣ ወንበሮቹ መሬት ሳይነኩ የሚንሳፈፉ ይመስሉ ነበር። ልጅ ሆኜ አባቴ ጭን ላይ ስተኛ፣ ፀሐይ የምታድረው እዚያ ወርቅ ውስጥ ይመስለኝ ነበር።

(የአንዱ ክንድ ማሳረፊያ የተላጠው በእኔ ነው። ጥርስ ሳበቅል ግጬው ነው አሉ።)

በጉሙ መሐል አልፌ የተላጠው ላይ ተቀመጥኩ።

"ከነልጅቷ ነው እንዴ የሚሸጠው?" አለ ሊገዛ ከአቦምሳ የመጣ ነጋዴ። ሰው ሳቀ።

"ተነሺ! አታዋርጂን!" አሉ አጎቴ።

"ጋሼ፣ ያኛው ባዶ ነው። እርስዎም ይቀመጡና እንነጋገር።"

አልተቀመጡም። ነጋዴው ግን "የቤተሰብ ጣጣ አልገዛም" ብሎ ሄደ፤ ሌላውም ተከተለው። ይህን የምጽፈው እዚያው ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ጉሙ እየተገፈፈ፣ ወርቁ ቀስ እያለ እየበራ ነው።

እናንተስ በገዛ ቤታችሁ እንደ እንግዳ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ። እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ የአባቴ ዕቃ ሲሸጥ ቆሜ አላይም።