ልቧ የወጣ እንሰት

ዛሬ ጠዋት እንሰቷ በቅላለች። አንድ ሁለት አይደለም፤ ጫፋቸው የሾለ ቡቃያዎች በርሜሉን ሞልተው ወጥተዋል። የጠሩኝ የኮንዶሚኒየማችን ጥበቃ ናቸው። በነጠላ ጫማ ሮጬ ወረድኩ፤ አይቼ ሳቅሁ። ከዚያ ወደ አራተኛ ፎቅ ቀና ብዬ “እማማ” ልል ስል አፌ ላይ ቀረ። አያቴ ከሞተች አርባዋ እንኳን አልወጣም።

ጌጃ ሰፈር የነበረው ጓሯችን ከአንድ አልጋ አይሰፋም ነበር። አያቴ ግን ከጉራጌ አገር ያመጣቻትን እንሰት እዚያች ላይ ነበር ያሳደገችው። ለዳቦ ኮባ የቸገረው ጎረቤት ሁሉ የሚያንኳኳው የእኛን በር ነው።

ቤቱ ሊፈርስ ነው ተብለን ዕቃ ስንጠቀልል፣ አባቴ ከሥራ ሲገባ እንሰቷ ተቆርጣ ወድቃ አገኛት።

“እማዬ፣ ምን ነካሽ? ለግሬደር ከሚቀር ብለሽ ነው?”

“ይሄ በአገራችን የወንድ ሥራ ነበር” አለችው። “ወንድ ስላጣሁ ነው የሠራሁት።”

እኔን “ነይ፣ የአንቺ እጅ ቀጭን ነው” ብላ ቢላዋ ሰጠችኝ። ሥሯን ከመሬት አውጥተን መሃሉን ፈልፍዬ ልቧን አወጣሁ። ነጭ ነው፤ ውሃ ይቋጥራል።

“እማማ፣ ትሞታለች እኮ።”

“እሷማ ትሞታለች። ልቧ ካልወጣ ግን ልጅ አትሰጥም።”

ጉድጓዱን በፍግና በአፈር ሞልተን፣ ሥሯን ግማሽ በርሜል ውስጥ ቀበርናት። ዕቃችንን የጫነው የአይሱዙ ሹፌር በርሜሉን ከሶፋው አጠገብ ሲያይ “ማዘር፣ ይሄን አፈር ፎቅ ላይ ሊያወጡት ነው?” አላት።

“አንተ ቤት አይደለም፤ ዝም ብለህ ንዳ።”

ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ስንደርስ በርሜሉ ከጥበቃው ቤት አጠገብ ቀረ። አያቴ ጉልበቷ ደረጃ አልወርድ ሲላት በየጠዋቱ እኔን ትልካለች። “በቀለች?” “ገና ነው።” አባቴ በስብሳለች፣ ይደፋ ቢልም “አትነካካት” ብላ ከለከለችው። በኋላ አልጋ ላይ ስትውልም ጥያቄዋ ያው ነበር። የመጨረሻ ቀንም “ገና ነው” አልኳት። ብዋሻት ይሻል ነበር ወይ? እንጃ።

ድንኳኑ የተተከለው በርሜሉ አጠገብ ነበር። ለቅሶ የመጡ ሰዎች አፈሩ ላይ ሊቀመጡ ሲሉ “እዚያ አይደለም” እያልኩ አስነሳቸው ነበር።

ዛሬ አባቴም ወረደ። ብዙ ቆሞ ቡቃያዎቹን አየና “መቼ ነው የሚነጠሉት?” አለኝ። አላውቅም። አያቴ እዚያ ድረስ አልነገረችኝም፤ እኔም ነገ አለ ብዬ አልጠየቅኋትም።

አንድ በርሜል ይሄን ሁሉ ልጅ አያሳድግም። ስለዚህ ይሄን የምታነቡ፣ ጓሮ ያላችሁ፣ የተሰነጠቀ ባልዲም ቢሆን ይዛችሁ ሰንጋ ተራ ኑና ውሰዱ። መቼ እንደሚነጠሉ የምታውቁ ግን ቀድማችሁ ኑ። ቢላዋው እኔ ጋ አለ፤ እናንተ ብቻ አሳዩኝ።